በከተማ ስለሚኖሩ አራዊት ለሕፃናት የሚሰጥ ትምህርት

ፈጣሪ አራዊትንና አዕዋፍን ወደ አዳም አምጥቶ አዳም ለእያንዳንዳቸው ስም እንዳወጣላቸው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ሰው ከተማረው ትምህርት ሁሉ የፊተኛው አራዊትን ለይቶ ማወቅ ነበረ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን ሕፃን አፉን ፈትቶ እናቱንና አባቱን መጥራት ከቻለ በኋላ ቀጥሎ የሚጠራው ውሻና ድመትን፣ ላምና ዶሮን ነው፤ ከዚያም ጥቂት ቈይቶ በሌሊት ከአጥር ውጭ የሚጮኸው ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ በየቤቱ የሚጠየቅ ነው። የሚሰጠውም መልስ በአብዛኛው አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም «ዝም ብለህ ተኛ፤ ጅቡ መጥቶ ይወስድሃል» የሚል ነው።

ይህ መልስ ልጁን ለጊዜው ጸጥ ያሰኘዋል፤ እናቲቱም ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ የደከመች ስለሆነች በዚህ ልትነቀፍ አይገባም። ዳሩ ግን ሕፃን በመጀመሪያ የሰማው ነገር ከልቡ ቶሎ የማይወጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ጅብ ማለት ባለጌ ልጅን የሚወስድ ነው ሲባል ያደገ ልጅ ስለ ጅብ አንዳች እውነት ሳያውቅ ይጐለምሳል። ከዚህም የሚብሰው፣ አውሬ የነካው ልጅ እርሱ ራሱ ጥፋተኛ ነው የሚል ሐሳብ በልቡ ይቀመጣል፤ የዚህም ሐሳብ ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ ወደ ፊት ይገለጣል።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ዝናም የማያጥራት ከተማ ናት። ዝናሙ ብዙ ስለሆነ ዛፉም ብዙ ነው፤ በየጓሮው፣ በየወንዙ ዳርና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር ውስጥ ጥላው የሰፋ ዛፍ አይታጣም። በአጠገቧ የኮምቶ ደን አለ፤ ወደ ጊምቢ ሲወርዱ ደግሞ የዴዴሳ ቈላ ይገኛል። ስለዚህ አራዊቱ ወደ ከተማይቱ መጡ ከማለት ይልቅ ከተማይቱ ወደ እነርሱ መጣች ማለት ለእውነት የቀረበ ነው። ሲመሽ ጅብ ከጥሻው ወጥቶ ሥጋ ቤት ባለበት መንገድ ያልፋል። ሸለምጥማጥ ዶሮ ፍለጋ፣ ጥርኝ ፍሬና ነፍሳት ፍለጋ በአጥር ሥር ይሹለከለካሉ። የበቆሎው እሸት በደረሰ ጊዜ ጦጣ ወደ ጓሮ ትገባለች፤ ጉሬዛ ግን በረጅሙ ዛፍ ላይ ቅጠሉን እየበላ ይውላል እንጂ ወደ መሬት መውረድን ብዙም አይወድም። የሌሊት ወፍ በጣራ ሥር፣ ጥንብ አንሳም ከብት በሚታረድበት ስፍራ ዙሪያ ይገኛሉ። ከወለጋ፣ ከጅማና ከኢሉባቦር የሚወጣው የጥርኝ ዝባድ ለኤውሮፓ ሽቱ ቀማሚዎች ሲሸጥ የኖረ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ሽቱው እስከ ፓሪስ የደረሰለትን እንስሳ በሰፈሩ የሚያልፈው መሆኑን የሚያውቅ የከተማ ልጅ ብዙ አይሆንም።

የባላገር ልጅ ይህን ሁሉ የሚማረው ከብት ሲጠብቅ ነው። ታላቅ ወንድሙ የጅብን ዱካ ከውሻ ዱካ ለይቶ ያሳየዋል፤ የጅብ የፊት እግር ዱካ ከኋላው የሚበልጥ መሆኑን በጭቃው ላይ በጣቱ እየጠቈመ ይነግረዋል። ወፎች በአንድ ቍጥቋጦ ላይ ተሰብስበው ሲንጫጩ ከሥሩ እባብ ሊኖር እንደሚችል ከአባቱ ይሰማል። የከተማ ልጅ ግን አባቱ በመሥሪያ ቤት፣ እናቱ በገበያ ስለሚውሉ ይህን የሚያሳየው ሰው የለም። አራዊቱ አጥሩን ተጠግተው እየኖሩ ትምህርቱ ግን ከባላገር ጋር ቀርቷል። በዚህም ምክንያት የከተማ ልጅ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በሌሊት መፍራትና በቀን ድንጋይ መወርወር ነው።

አሁን ከላይ ስለ ተነሣው ጉዳት መናገር ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ከሚገኙት በሽታዎች ሁሉ እጅግ የሚያስፈራው ነው፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ይህ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድ ከመቶው እስከ 99 የሚደርሰው በውሻ ንክሻ ነው፤ በሽታው ካለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱትም ሰዎች ከመቶው 40 ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው በጅብ፣ በቀበሮ፣ በድመትና በሌሎችም አጥቢ እንስሳት ላይ ይደርሳል። ከንክሻው በኋላ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ መካከል ልጁ ወደ ሐኪም ቢደርስና ክትባቱን በሥርዓት ቢወስድ ይድናል፤ ባይደርስ ግን ይሞታል። የልጁ ሕይወት የተንጠለጠለው እንግዲህ በመናገሩ ላይ ነው።

ይህ ልጅ ታዲያ ይናገራልን? ከቤት አትውጣ ተብሎ ወጥቶ፣ ቡችላ አትንካ ተብሎ ነክቶ፣ ጦጣዋን በድንጋይ መትቶ እጁን ነክሳው እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አለንጋው ነው። ቍስሉ ትንሽ ከሆነ በልብሱ ይሸፍነዋል፤ ብትጠይቀውም እሾህ ነው ይላል። በአውሬ ሲያስፈራሩት የኖሩት ወላጆች በዚያች ቀን ልጃቸው ለምን እንደ ዋሻቸው አያውቁም። ስለዚህ ሕፃናትን ስለ አራዊት በማስተማር ሥራ ውስጥ ከሁሉ በፊት መቀመጥ ያለበት የጅብ ወይም የጦጣ ታሪክ አይደለም፤ እንስሳ የነከሰው ወይም የቧጠጠው ልጅ ወዲያውኑ ቢናገር እንደማይመታና እንደማይሰደብ በቤቱም በትምህርት ቤቱም ቃል ሊገባለት ያስፈልጋል። ከዚያም ቀጥሎ ቍስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ እንደሚገባ፣ በርበሬ ወይም ሌላ ነገር መነስነስ እንደማያሻ፣ ከታጠበም በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ እንደ ሆነ ይማር። ይህን የስድስት ዓመት ልጅ ሊይዘው ይችላል። ሉዊ ፓስተር በ1885 በኤውሮፓ አቈጣጠር ክትባቱን በመጀመሪያ የሰጠው ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ፤ ያም ልጅ የዳነው እናቱ ሳትዘገይ ወደ ሐኪሙ ስላደረሰችው ነው።

በዚህ ነገር የካህናት ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ልጁ የተነከሰበት ቤተ ሰብ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ጠበሉ ነው፤ መሮጡም የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን በጠበል ስፍራ ሁለት ሱባዔ ያለ ክትባት የቈየ ልጅ ያለፈውን ቀን ሊመልሰው አይችልም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ በሌላ በሽታ ምክንያት መልሳዋለች፤ በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበል ለሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱንና ጠበሉን አብረው ቢወስዱ እንደማይቃወም በግልጥ ተናግረዋል። ይህ ቃል ለእብድ ውሻ በሽታ የማይሆንበት ምክንያት አይታይም። ልጁ ጧት ይጠመቅ፤ ክትባቱንም በቀጠሮው ቀን ይውሰድ።

እንዲህ ሲባል ተረት ከቤት ይውጣ ማለት አይደለም። የወለጋ ተረት ክቡር ነው። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 በኤውሮፓ አቈጣጠር በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ያሳተሙት የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ አስቴር ከአእምሮዋ እያወጣች የጻፈቻቸውን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ይዞ ነበረ። በኋላም ሁለቱ ወደ ወለጋ መጥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በገዙበት ዘመን በነቀምቴ አስተምረዋል። ፊደልን ለልጅ ለማስተማር አስቀድሞ የሚያውቀውን ተረት በእጁ መስጠት ብልህነት ነው፤ ይህን የተረዱት እነዚያ ሁለት መምህራን ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ማታ በእሳት ዳር የሚባለው ሂቦ፣ ማለት እንቆቅልሽ፣ የልጅን አእምሮ ይስላል። ዳሩ ግን ተረት የሚያስተምረው ስለ ሰው ጠባይ ነው እንጂ ስለ አውሬው አይደለም። የተረቱ አያ ጅቦ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ በሜዳ ያለው ጅብ ግን ሞኝ አይደለም።

መጻሕፍትን የተማሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ከፊሳልጎስ ያውቁታል። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ ጥንታዊ መጽሐፍ የአራዊትን ነገር እየተናገረ ወደ ምሥጢር የሚያደርስ ነው፤ ምሥጢሩም የሚጠቅም ነው። የግሪኩ መጽሐፍ ግን ጅብ አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት ይሆናል ብሎ ይናገራል፤ በገጠርም ይህን የሚያምን ሰው ዛሬም አይጠፋም። ሊቃውንተ ፍጥረት መርምረው ያገኙት እንዲህ ነው፤ ሴቷ ጅብ በአካሏ አፈጣጠር ከወንዱ ጋር እጅግ ስለምትመሳሰል ተመልካች ይሳሳታል እንጂ ጾታዋ አይለወጥም። በቁመትም በኀይልም ከወንዱ ትበልጣለች፤ መንጋውን የምትመራውም እርሷ ናት፤ ሹመቱም ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ይህ እውነት ከተረቱ ያነሰ አያስደንቅም፤ ለልጅ ሲነገረውም በአንድ ቀን ይይዘዋል። ግልገሉ ጥቍር ሆኖ ዐይኑን ገልጦ እንደሚወለድ፣ አጥንቱን ቈርጥሞ ስለሚበላ ኵሱ ሲደርቅ ነጭ እንደሚሆን፣ የሩቅ ጩኸቱም የመንጋው ጓደኞቹ ማንነቱን የሚለዩበት ድምፅ እንደ ሆነ ቢነገረው በሌሊት የሚሰማው ድምፅ ትርጕም ያገኝለታል። ፍርሃቱ በሙሉ አይጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም። ጅብ ሕፃንን የሚጐዳ አውሬ ነውና ሲመሽ ብቻውን እንዳይወጣ፣ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ቢሆን ከታላቅ ሰው ጋር በመብራት እንዲሄድ፣ ቢያየውም እንዳይሮጥና እንዳይተናኰል ሊነገረው ይገባል።

ጅብ ለከተማ የሚሠራው ሥራ እንዳለም በትግራይ ተመርምሯል። በ2021 በኤውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ጥናት በመቀሌ ዙሪያ የሚኖሩ ጅቦች በአንድ ዓመት 207 ቶን፣ ማለት 2070 ኩንታል የሞተ ከብትና የሥጋ ትርፍራፊ እንደሚያነሡ ገምቷል፤ ይህም በየዓመቱ 5 ሰዎችንና 140 ከብቶችን ከአባ ሰንጋና ከሳንባ ነቀርሳ እንደሚያድን ዘርዝሯል። ለዚህ አገልግሎት ማዘጋጃ ቤት የሚከፍለው ደመወዝ የለም። በሐረርማ ጅብ በከተማው ግንብ በተተወለት ቀዳዳ ይገባል፤ ሰው በእጁ ሥጋ ሲያጐርሰው እንግዳ ሁሉ ያያል። የሐረር ልማድ ግን ብዙ ዘመን የቈየ የራሷ ሥርዓት ነውና የነቀምቴ ልጅ ያን አይቶ እጁን እንዲዘረጋ ማንም ሊያስተምረው አይገባም።

የጥንብ አንሳም ነገር እንዲሁ ነው። ልጆች መልኩን አይተው ይጸየፉታል፤ ታላላቆችም ያግዟቸዋል። በሕንድ አገር ይህ ወፍ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶው ከ95 በላይ አለቀ። ምክንያቱም ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ነበረ፤ መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላው ወፍ ኵላሊቱ ይቃጠልና ይሞታል። ጥንብ የሚያነሣ ሲጠፋ በድኑ በየሜዳው በሰበሰ፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዙ፤ የውሻ ንክሻም በዛ። በ2024 የታተመ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በዚህ ምክንያት ወደ 500,000 የሚሆን ሰው ያለ ጊዜው እንደ ሞተ ገምቷል። የሕንድ መንግሥት መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከልክሏል፤ ወፉ ግን በቶሎ አልተመለሰም። በአገራችን በየቄራው የሚታየው ራሱ ላባ የሌለው ትንሹ ጥንብ አንሳም ከ2015 ጀምሮ በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከቀረቡት ጋር ተቈጥሯል። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ድንጋይ ይዞ ወደ ጥንብ አንሳው የሚሮጠው ልጅ ይህን ወፍና የሚፈራውን እብድ ውሻ የሚያገናኝ ነገር እንዳለ ሰምቶ አያውቅም።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ እጅግ የሚያስጨንቅ አይደለም። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል፤ በነቀምቴም ልጁ ዋራቤሳ ብሎ ጅብን፣ ቀመሌ ብሎ ጦጣን፣ ጀልዴሳ ብሎ ዝንጀሮን፣ ዌኒ ብሎ ጉሬዛን ይጠራል። ስሙ በእጁ አለ ማለት ነው። የሚጐድለው መምህሩ ከመጽሐፉ ሥዕል ላይ አንበሳና ቀጭኔ እያሳየ በመስኮቱ በኩል ያለችውን ጦጣ የሚረሳ መሆኑ ነው። አንበሳን በነቀምቴ መንገድ የሚያገኘው ልጅ የለም። ሕፃናቱ ዝናም ካባራ በኋላ ጧት ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ቢወጡ በጭቃው ላይ የሌሊቱን መንገደኞች ዱካ ያገኛሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ላይ ጉሬዛ ካለ፣ አውራ ጣት እንደሌለውና ሲወለድ ሁለመናው ነጭ እንደ ሆነ ተነግሯቸው ግልገሉን በዐይናቸው ይፈልጉ። ኬንያ ውስጥ ጦጣዎችን የመረመሩ ሊቃውንት በ1980 በኤውሮፓ አቈጣጠር እንደ ጻፉት፣ ጦጣ ነብርን፣ ንስርንና እባብን ስታይ ሦስት ልዩ ልዩ ጩኸት ትጮኻለች፤ ጓደኞቿም የነብሩን ሲሰሙ ወደ ዛፍ ይወጣሉ፣ የንስሩን ሲሰሙ ወደ ሰማይ ያያሉ፣ የእባቡን ሲሰሙ ወደ ሣሩ ይመለከታሉ። ይህን የሰማ ልጅ ድንጋዩን ጥሎ ማዳመጥ ይጀምራል።

ዳቦና ሙዝ ለጦጣ ማጕረስ ግን ከድንጋይ የተለየ መስሎ የሚታይ ሌላ ጥፋት ነው። ከእጅ መብላት የለመደች ጦጣ ከእጅ መንጠቅንም ትለምዳለች፤ የምትነጥቀውም ከሕፃኑ ነው፤ በመጨረሻም የምትገደለው እርሷ ናት። የሌሊት ወፍም በኦሪት ከወፎች ጋር ብትቈጠር ልጇን ጡት የምታጠባ፣ ብዙዎቹም ዐይነቶቿ ትንኝና ሌላ ነፍሳት እየበሉ የሚኖሩ ናት፤ በመሬት ወድቃ የተገኘች እንደ ሆነ ግን በእጅ አትነካም፤ ታላቅ ሰው ይጠራል።

የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ በዓመት አንድና ሁለት ቀን ወደ ሕፃናት ትምህርት ቤቶች ቢላኩ ከመጽሐፍ የማይገኝ ጥቅም ይሰጣሉ። ከተማዎቹን የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ደግሞ ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሥጋ ቤት ትርፍራፊ፣ አጥንትና ፈርስ የሚጣልበት ስፍራ ጅቡም ውሻውም የሚሰበሰቡበት ስፍራ ነው። ይህ ስፍራ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ዳር ከሆነ መምህሩ የሚናገረው ቃል ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መጣያው ከትምህርት ቤትና ከመኖሪያ ቤት ርቆ እንዲሆን፣ የከተማው ውሾችም በየዓመቱ እንዲከተቡ ማድረግ የሹም ሥራ ነው፤ ይህ ከሕፃን አይጠበቅም።

በዐቢይ ጾም ሰሞን ይህ ነገር ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገና በ2012 በኤውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ምርመራ በጅብ ኵስ ውስጥ የተገኘውን ጠጕር ለይቶ ነበረ፤ ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጕር የተገኘው ከመቶው በ14.8 ነበረ፤ በ55ቱ የጾም ቀናት ወደ 33.1 ከፍ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ምእመናን ሥጋ ሲተዉ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የለመደውን ትርፍራፊ ያጣው ጅብም በአህያ ላይ ይነሣል። በወለጋም ከተሞች ሥጋ ቤቶች በጾም ወራት የሚዘጉ ከሆነ ጅቡ የሚራበው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከዘወረደ በፊት ባለው ሳምንት ቢሰጥ ይሻላል፤ አህያና ውርንጭላ ያለው ሰው በእነዚህ ወራት ማታ ማታ ወደ ግቢ ያስገባ፤ ልጁም ከመሸ በኋላ ውሃ እንዲቀዳ አይላክ።